ያልተነቀለ ሙከራ

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ጥለው ሊሄዱ ነበር። ያስነሣቸው ጦርነት አይደለም፤ ወረርሽኝም አይደለም። የማገዶ እንጨት ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ገና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የግብሩ ወጥ ቤት፣ የወታደሩ ምጣድ፣ የመኳንንቱ አዳራሽና የአብያተ ክርስቲያናቱ ጣራ ተባብረው በዙሪያዋ የነበረውን ጽድና ወይራ ጨረሱት። የእንጦጦ ትከሻ ተላጨ። እንጨት ለቀማ የሚወጣ ሰው መንገዱ በየዓመቱ እየረዘመበት ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እንጨት በሚገኝበት ስፍራ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ያ ቤተ መንግሥት ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዋና ከተማው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ለምን እንዳልተነቃነቀ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ልጅ አይጠፋውም። ከደጃፉ ወጥቶ ወደ ሰሜን ቀና ማለት ይበቃዋል። ከቀበና ወንዝ ዳር እስከ እንጦጦ ጫፍ ድረስ ተደርድሮ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው ያስቀረው።

ሙያዬ ታሪክ አይደለም። የኮምፒውተር ሥርዓት ነው የምነድፈው። የቅጥር ደብዳቤዬ «የሶፍትዌር አርክቴክት» ይለኛል፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ደግሞ «እትዬ» ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሙያዬ ባሰብኩ ቁጥር ሐሳቤ ያደግሁበት ተራራ ላይ ስለሚወጣ ነው።

እኛ ትልቅ ሥርዓት ከመሥራታችን በፊት ትንሽ ሙከራ እናደርጋለን፤ ስፓይክ እንለዋለን። መጀመሪያ አንድ የሚያስፈራ ጥያቄ ይመረጣል። ለምሳሌ፦ መብራትና ኔትወርክ እየተፈራረቁ በሚጠፉበት ወረዳ ያለ ጤና ጣቢያ የታካሚውን ካርድ መዝግቦ ቢያቆይ፣ መስመሩ ሲመለስ በማዕከሉ ካለው መዝገብ ጋር ሳይጣላ ሊገናኝ ይችላል ወይ? ጥያቄው የሥርዓቱን አጥንት የሚነካ ሲሆን አርክቴክቸር ስፓይክ ይባላል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይመደባል፤ ቀን ይቆረጣል። አምስት ቀን ከተባለ አምስት ቀን ነው። የሚጻፈው ኮድ አያምርም። የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ዝም ብሎ ይወድቃል። ነገር ግን ከላይ ከስክሪኑ ጀምሮ እስከ ታች እስከ መረጃ ቋቱ ድረስ ያለውን ንብርብር ሁሉ በቀጭኑ በስቶ ማለፍ አለበት፤ አደጋው የሚደበቀው ንብርብሮቹ በሚገጣጠሙበት ቦታ ነውና። ቀኑ ሲያልቅ የተገኘው መልስ ይጻፋል፤ ኮዱ ይጣላል። እናቴ ምጣዷ መስማማቱን የምታውቀው በማሟሻው ነበር፤ ማሟሻውን ግን ለእንግዳ አታቀርብም።

አሠራሩ በዚህ መልክ የተበጀው አሜሪካ ነው። ዋርድ ከኒንግሃምና ኬንት ቤክ የሚባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቴክትሮኒክስ በተባለ ኩባንያ አብረው ሲሠሩ ያዳበሩት ልማድ ነው። ኋላ ቤክ በ1996 የክራይስለር መኪና ፋብሪካ የሠራተኞች ደመወዝ ሥርዓት እንዲያቃና ተጠራ፤ እዚያ የሠራበትን መንገድም በ1999 ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ብሎ መጽሐፍ አደረገው። በየካቲት 2001 ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ መዝናኛ ተራራ ላይ 17 ሰዎች ተሰብስበው አጃይል የሚለውን ስም ሲያጸድቁ ስፓይክም አብሮ ዓለምን ዞረ። የክራይስለሩ ሥራ ራሱ የተወሰኑ ሠራተኞችን ደመወዝ ከከፈለ በኋላ በ2000 ተዘግቷል። የአጃይል አሠልጣኞች ይህችን ነገር ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

ከእነሱ በፊት ፍሬድ ብሩክስ የሚባል የቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም. ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው ሥራ መጣሉ ስለማይቀር ከወዲሁ ለመጣል ተዘጋጁ የሚል ምክር ሰጥቶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ መጽሐፉን እንደገና ሲያሳትም ግን ምክሩ ነገሩን ከመጠን በላይ ያቀለለ ነበር ብሎ ራሱን አረመ። እኔ ሁለቱንም ብሩክሶች እወዳቸዋለሁ፤ የበለጠ የምጠቀመው ግን በመጀመሪያው ነው።

ሙከራ ግን እኛም አገር እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር ብዙም በማትርቀው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሊያሠሩ አውሮፓውያኑን ሚስዮናውያን ሰበሰቡ። ቫልድማየርና ዛልሙለር፣ ጓደኞቻቸውም፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ ወንጌልና እጅ ሥራ ሊያስተምሩ የመጡ እንጂ መድፍ ያፈሰሱ ሰዎች አልነበሩም። አንችልም ቢሉም ንጉሡ ሞክሩ አሉ። ምድጃው ከሸፈ፤ እንደገና ተሠራ። ቀስ በቀስ ትንንሾቹ ተሳኩ፤ መጠኑም እያደገ ሄደ፤ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

በእኔ ዓይን ጋፋት ላይ የተሠራው የከሸፈ ስፓይክ አይደለም፤ በጣም የተሳካ፣ ግን ግማሽ ስፓይክ ነው። ትንንሾቹ መድፎች «ነሐሱ ይፈስሳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጡ። «ይህ ነገር ከደብረ ታቦር መቅደላ ይደርሳል ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። የመድፉ ሥርዓት ምድጃው ብቻ አይደለም፤ ሠረገላውም፣ ገደሉም፣ በጠፍር የሚጎትተው ሰውም ናቸው። ቴዎድሮስ ይህን ያወቁት መንገድ ላይ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተው፣ እሳቸው ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እያስጠረጉ፣ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ያን ጊዜ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ እየገሰገሰ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አለ፤ ቸርችል ጎዳና ጫፍ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሰዎቹ የመጀመሪያዋን ትንሽ መድፍ ይዘው እስከ በሸሎ ገደል ድረስ ቢሞክሯት ኖሮ ብዬ አስባለሁ። አንድ ነገር ደግሞ መባል አለበት፤ ሠሪዎቹ እንቢ ብለው መሄድ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። «አይሆንም» የሚል መልስ ይዞ ወደ አለቃው መመለስ የማይችል ሰው የሚያደርገው ሙከራ አይታመንም። ይህ ከቴዎድሮስ ዘመን ጋር ያለፈ ነገር አይመስለኝም።

ምኒልክ መሞከር ይወዱ ነበር። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ መጀመሪያ ጫማ ስፋልኝ እንዳሉት፣ ቀጥሎም ጠመንጃ ሥራልኝ እንዳሉት ይተረካል። ሰውየው ለድልድይና ለባቡር የተማረ ነው፤ ግን ሁለቱንም ሠራ አሉ። ለካ የተፈተነው ጫማው አልነበረም። ኋላ ይኸው ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦን ምንጭ በቧንቧ አውርዶ፣ ጉብታ ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት መልሶ አወጣው። ውኃ ሽቅብ ይሄዳል ሲባል ማን ይመን! መጣ ግን። እኛ ሰፈር ቧንቧ ሲደርቅ ትልልቆቹ ሰዎች «ምኒልክ እንኳ ከዚህ ተራራ ውኃ ጠጥተዋል» እያሉ ሲያማርሩ እሰማ ነበር፤ ቅሬታው ወደ ማን እንደሚያነጣጥር ለማንም ግልጽ ነው።

ወደ ባሕር ዛፉ ልመለስ። ማን አመጣው ለሚለው ጥያቄ የሚጠራው ስም ብዙ ነው። ደጋግሞ የሚነሣው ግን የካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ ስም ነው፦ የፓሪሱ ለ ታን ጋዜጣ ወኪልና የምኒልክ አማካሪ የነበረ ፈረንሳዊ። ከአገራችን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብራና ወሰደ፣ ዛፍ ተከለ። ጊዜው 1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ደግሞ ምኒልክ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእንጦጦ ግርጌ ሰፊ መሬት ሰጡ፤ ዛሬም ከ40 ሄክታር በላይ ነው። የመጀመሪያው የፈረንሳይ ሚኒስትር ሌዮንስ ላጋርድ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ አገኘ። ሰፈራችን በዚያ አጥር ስም ተጠራ። እኛ የአጥሩን ውስጥ የምናውቀው ከላይ በሚታየው የዛፍ ጫፍ ብቻ ነበር፤ የታክሲው ረዳት «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጣራ አገሩን የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የዛፉ ሙከራ በሙያዬ ሚዛን ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ጥያቄው አንድና ግልጽ ነው፦ ይህች ከተማ ከማገዶዋ ሳትርቅ መኖር ትችላለች ወይ? አገር በቀሉ ጽድ ለቁም ነገር እስኪበቃ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። ከመጡት የባሕር ዛፍ ዓይነቶች መካከል የእንጦጦን ብርድና ከፍታ የተስማማው ነጩ ግን በጥቂት ዓመታት ለቋሚና ለማገር ይደርሳል። ቆርጠህ ብትጥለው ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከብት አይበላውም፤ ስለዚህ እረኛ አያስፈልገውም። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ መልሱም «አዎ» ነበር። መንግሥት ችግኙን በርካሽ አከፋፈለ፤ ለሚተክልም ከግብር ላይ አቀለለለት። ገዳማትም ባለርስቶችም ተከሉ። ብዙ ሳይቆይ ከውጭ የሚመጡ መንገደኞች ከተማዋን ሳይሆን ጫካ አየን እያሉ ይጽፉ ጀመር፤ ኡካሊፕቶፖሊስ ብለው ስም ያወጡላትም ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ይህ ዛፍ ባይኖር ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ምናልባት ከአዲስ ዓለም ነበር፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባል ሰፈርም አይኖርም። የአባቴ ቤት ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ጭቃው በእሱ ላይ ተመረገ፤ ቆርቆሮው በእሱ ላይ ተመታ። የእናቴ ምጣድ የሚነድደው በቅጠሉና በጭራሮው ነው። ዛሬም ከተማው ውስጥ ለሚነሣው ፎቅ ሠራተኛው የሚወጣበት መወጣጫ በብዙ ቦታ በሚስማር የተጋጠመ አጣና ነው። ባለ አሥር ፎቅ ባንክ በባሕር ዛፍ ታቅፎ ሲያድግ ማየት የአዲስ አበባ ሰው አይገርመውም።

ያልተጠየቁት ጥያቄዎች ግን ቀስ ብለው መጡ። ዛፉ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ከሥሩ ሌላ ነገር እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድም፤ ቅጠሉም ወድቆ አፈሩን አያለማውም፤ ቅጠሉ ሲጠረግ ደግሞ መሬቱ ራቁቱን ይቀርና ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ወደ ቀበና ያወርደዋል። ይህን ያዩት የዛሬ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ምኒልክ በጠና ታመው ሳሉ፣ ከከተማዋ ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። አልተፈጸመም። እንዴት ይፈጸማል? በሃያ ዓመት ውስጥ የቤቱ ምሰሶ፣ የምጣዱ እሳት፣ የድሀው ገቢ፣ የባለርስቱ ሀብት ሁሉ በዚያ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሙከራው ሕንፃ ሆኗል። ሰው ከሚኖርበት ቤት ሥር መሠረት የሚነቅል ትእዛዝ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በልጅነቴ ከጫካው የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች እያየሁ ነው ያደግሁት። ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ እስር በጀርባቸው አግድም ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ዳገቱን ሲወርዱ መኪና እንኳ ለሸክሙ ስፋት ብሎ ይቆምላቸዋል። ጥበቃ ሲያገኛቸው ይቀማቸዋል፤ ካላገኛቸው ለእንጀራና ለልጅ ደብተር የምትሆን ብር ይዘው ይገባሉ። የምኒልክ ዘመን ሙከራ ሲነደፍ እነዚህን ሴቶች በሥዕሉ ላይ ያስቀመጠ ሰው የለም። አንድ ሥርዓት ሥራ ላይ ሲውል ማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ በሙከራው ጊዜ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን ጥቂት ነው፤ በእኛ ሙያም እንዲሁ። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ መንገዱ ተነጠፈ፣ ካፌ ተከፈተ፣ በባሕር ዛፉ መካከል የፈረስና የብስክሌት መንገድ ወጣ። አገር በቀል ችግኝም እየተተከለ ነው፤ ጽድ፣ ኮሶ፣ ወይራ። ያው በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ነው የሚተከለው፤ አንድ ጊዜ ነቅሎ ተራራውን መልሶ መላጨት አይቻልማ።

የሙያዬ ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው «የዛፍ ነገር ከኮድ ምን አገናኘው?» ይሉኛል። ያን ጊዜ የፊደላችንን ነገር አነሣለሁ።

የግዕዝ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 በላይ ምልክት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበረው የኮምፒውተር ፎንት ግን 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ግማሹን ደግሞ ላቲኑ ይዞታል። ከዚያ በፊት፣ ከጣሊያን ወረራ ቀደም ብሎ፣ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ታግለዋል፤ ቁልፉ ስለማይበቃ የጽሕፈት መኪና ሰዎች ፊደሉን ቆራርጠው መቀጠልን ተማሩ፤ ግንዱ አንድ ቁልፍ፣ እግሩና ቀለበቱ ሌላ ቁልፍ። ኮምፒውተር ሲመጣ ይኸው ጥያቄ ተመለሰ። ፊደሉ ይቆረጥ ወይስ ለሁለት ፎንት ይከፈል? አሜሪካ የነበረው ፍስሃ አጥላው ዳሸን የሚለውን ፕሮግራም ሠራ። አባስ አላምነህ ሌላ መንገድ ያዘ። አዲስ አበባ ውስጥም አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እየተከታተሉ መጡ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ ኢሜይል ላቲን ብቻ በሚያሳልፍበት ዘመን፣ አማርኛን በላቲን ሆሄ የሚያስተላልፍ ሴራ የሚባል ሥርዓት አወጡ።

እነዚህ ሰዎች ለእኔ ጀግኖች ናቸው። ያደረጉት በትክክል አርክቴክቸር ስፓይክ ነው፤ ከቁልፉ እስከ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ እስከ ማተሚያው ያለውን ንብርብር ሁሉ በስተው አሳዩ። ጥያቄው «በዚህ ማሽን አማርኛ ይጻፋል ወይ?» የሚል ነበር፤ ተጻፈ። ጸሐፊዎቹ ከጽሕፈት መኪናው ተነሥተው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ፤ ጋዜጣ ታተመ፤ ደብዳቤ ወጣ፤ ማኅተም ተመታበት። «ነገ ሌላ ማሽን ያነበዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ዘመን አልቀረበም። አንዱ «ሸ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ሌላው «ቀ»ን አስቀመጠ። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የተዝረከረከ የላቲን ምልክት ሆነ። ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን እያንዳንዱን ሆሄ ሙሉ አድርጎ ሲቀበል እነዚያ ሁሉ መልሶች ጊዜያቸው አልፎ ነበር። ተጣሉ? አልተጣሉም። ከዩኒኮድ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት መዛግብቱን ወደ አዲስ ሥርዓት እንድናዛውርለት ጠርቶን ነበር። ፋይሎቹ በሦስት ዓይነት ፎንት የተጻፉ ናቸው፤ አንዳንዱ ደብዳቤ ርዕሱ በአንዱ፣ ሐተታው በሌላው ነው። ከመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋር ተቀምጠን የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሰንጠረዥ እየሠራን ስንገምት ዋልን። ሰውየው በዚያ ሁሉ ትዕግሥታቸው «ልጄ፣ የጽሕፈት መኪናውን ወረቀት እኮ አሁንም በዓይኔ አነበዋለሁ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሴራም እንደዚያው ነው። ላቲን ብቻ በሚያልፍበት ኢሜይል ለመሻገር የተሠራ ድልድይ ነበር። ወንዙ ደርቆ ድልድዩ ቀረ፤ ዛሬም ብዙ ሰው በኮምፒውተር አማርኛ የሚጽፈው «ሰ»ን በላቲን ሆሄ እየመታ በዚያ ልማድ ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ውርደት ይሉታል። እኔ አልልም። ሰው የሚጽፍበትን ያገኘ እጅ የተሻለ መጣ ብሎ በአንድ ሌሊት አይቀየርም፤ ባሕር ዛፉን ሁለት ሦስተኛ ንቀል የተባለው ባለርስትም ያደረገው ይኸንኑ ነው።

እንግዲህ ሙከራ ሁሉ ይጣል ማለቴ ነው? እነዚያ ፕሮግራሞች ተጥለው ዩኒኮድ እስኪመጣ ብንጠብቅ ኖሮ ጋዜጦቻችን አሥራ አምስት ዓመት በእርሳስ ፊደል ይቀሩ ነበር። የምጠላው ሙከራው መቆየቱን አይደለም። የምጠላው በተከለበት ቀን ማንም «ይህ ሙከራ ነው፣ የጠየቀው ይህን ብቻ ነው» ብሎ ሳይጽፍበት መቅረቱን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ መሠረት መስሎት በላዩ ይገነባበታል።

በዚህ ረገድ ከሰፈራችን በላይ ያለው የእንጦጦ የኅዋ ምልከታ ማዕከል ደስ ይለኛል። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲቋቋም መሥራቾቹን የእብዶች ማኅበር የሚላቸው ሰው ነበር፤ ድሀ አገር፣ ኮከብ ቆጠራ! በ2007 ዓ.ም. ግን በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ሰዎቹ ገና ከጅምሩ እንጦጦ የመጨረሻው ቦታ እንዳልሆነ ይናገሩ ነበር። የከተማው መብራት ከሥር ያበራል፤ ዝናቡም ረጅም ነው። ትልቁ ማዕከል በላሊበላ ዙሪያ ከ4,000 ሜትር በላይ ባሉት ተራሮች ላይ እንዲሆን ነው የታሰበው፤ የእንጦጦው ሰው ለማሠልጠንና እጅ ለማፍታታት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም መልእክቷን የምትልከው ወደዚሁ ተራራ ነበር። እዚያም ጥያቄው ትንሽና ግልጽ ነው፦ የእኛ ልጆች ሳተላይት ማዘዝና መረጃ መቀበል ይችላሉ ወይ? ቻሉ። መሣሪያው ከፊሉ በቻይና ገንዘብ መሠራቱን እያነሡ የሚያሾፉ አሉ፤ ሹፈቱ ጥያቄውን ካለማወቅ ይመስለኛል።

አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ውስጥ አዲስ ስፓይክ ሲጀመር ነጭ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር አስጽፋለሁ፦ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ የማንጠይቀው ጥያቄ፣ ኮዱን የሚያጠፋው ሰው ስም። ልጆቹ ሁለተኛዋን መስመር መሙላት አይወዱም፤ ሥራ ያልሠሩ ያህል ይቆጥሯታል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማጠፋው በእሷ ላይ ነው። በቅርቡ የወረዳ ክፍያዎችን ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ኋላ የሚያስታርቅ ሙከራ አድርገን ነበር። የማንጠይቀው ጥያቄ ላይ «ገንዘብ ያዡ ስልኩ ቢጠፋበትስ?» ተብሎ ተጽፏል። አጥፊ የተባለው ደግሞ ከሁላቸውም ቀልጣፋ የሆነ ልጅ ነው። በቀነ ገደቡ ጠዋት ሥራውን አሳየን፤ ሠርቷል፤ አጨበጨብንለት። ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛው ሄጄ «አጠፋኸው?» አልኩት።

«እትዬ፣ እንዴት ላጥፋው?» አለኝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ደንበኛው እኮ ትናንት አይቶታል።»

«ማን አሳየው?»

«ሥራ አስኪያጁ። በጣም ወደዱት።»

ሰኞ በሁለት ወረዳ ይጀመራል።